«የት ነበርክ?» የሚባለው ሜዳ

በእንዶድ በር ከተማ፣ ከእሳት አደጋ መከላከያው ግቢ ፊት ለፊት፣ ቤት ያልተሠራበት ዛፍም ያልተተከለበት ገላጣ ሜዳ አለ። ስሙ «የት ነበርክ?» ይባላል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የበጋው ነፋስ ሊጀምር ሲል፣ ሜዳው በሕዝብ ይሞላና ብዙ ዘመን ያገለገለ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጫማውን አውልቆ መካከሉ ላይ ይቆማል። ሽልማት አለ ተብሎ የመጣ እንግዳ ግራ ይገባዋል፤ ጭብጨባ የለ፣ እልልታ የለ፣ ሕዝቡ ሰውየውን የሚያየው በግ ሰርቆ እንደተያዘ ሌባ ነው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ይነሡና «የት ነበርክ?» ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቁታል። ተሸላሚው አይመልስም፤ እንዲመልስም አይፈቀድለትም።

እንደሚነገረው፣ እንዶድ በር የሣር ክዳን ጎጆዎች የታጨቁባት መንደር በነበረችበት ዘመን፣ ከገደሉ አፋፍ የሚነሣው ነፋስ አንድ ጎጆ ያቀጣጠለውን እሳት ሳይውል ሳያድር ለጎረቤት ያዳርሰው ስለነበር፣ ጡሩምባ ሲነፋ ሞፈሩንም ማዕዱንም ጥሎ የሚሮጥ «እሳት ደራሽ» የሚባል ማኅበር ነበራት። አለቃው ጓንጉል የሚባል፣ ጢሙ በዚሁ ሥራ ላይ የሸበተ፣ ከአፉ ቃል በመከራ የሚወጣ ሰው ነበር። ደመወዝ የለው፣ ማዕረግ የለው፤ «እግዜር ይስጥልን» ካሉት ይበቃው ነበር፤ እሱንም ቢሆን ሁሉም አላሉትም።

በዚያው መንደር እመት ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ከተዳሩበት ቀን ጀምሮ የምድጃቸው እሳት ጠፍቶ አያውቅም ይባላል፤ ማታ ያዳፍኑታል፣ ጧት ይገልጡታል፤ እሳቷ የጠፋባት ጎረቤት ሁሉ የሸክላ ስባሪ ገል ይዛ «እሳት ልጫር» እያለች ወደ እሳቸው ትመጣለች። ደብሪቱ በዚህ ይኮሩ ነበር፤ ኩራታቸውም ከልኩ ትንሽ ተረፍ ያለ ነበር። ፍሙ የሚሄደው ደግሞ ሳይከደን ነው። ተሸፍኖ የወጣ ፍም የሰጪውን ቤት ሲሳይ ያፍናል ተብሎ ይታመን ነበርና ነፋስ ቢኖርም ባይኖርም ማንም አይከድነውም።

አንድ በጋ፣ ዝናቡ ቀድሞ ባቆመበት ዓመት፣ ቤት በቤት ላይ ይቃጠል ጀመር። መጀመሪያ የሸማኔው ጎጆ፣ ከዚያ የቄሱ በረት፣ ከዚያ ደግሞ ማንም የማይኖርበት ወና ቤት ሳይቀር። በሁሉም ቦታ ጓንጉል ቀድሞ ተገኘ። ጡሩምባው ሳይነፋ፣ ጭሱ ሳይታይ እሱ ክዳኑ ላይ ወጥቶ ሣሩን ይገሸልጣል። ሰው መጀመሪያ አመሰገነ፣ ቀጥሎ ተገረመ፣ በመጨረሻ ተጠራጠረ። «እሳቱን ለእሱ ማን ይነግረዋል?» መባባል ተጀመረ። ከሁሉ የባሱት ደብሪቱ ነበሩ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ማለት ያዘወትሩ ነበርና ከዚያች ቀን ወዲህ ዓይናቸውን ከሰውየው ላይ አላነሡም።

በዚህ መካከል ጓንጉል ራሱ ወደ ደጃቸው መጣ።

«እመት ደብሪቱ፣ ፍሙን ለሴቶቹ ሲሰጡ በሌላ ገል ክደኑት ቢሏቸው ምን አለ?» አላቸው።

«አያ ጓንጉል፣ የቤቴን ሲሳይ ልታፍን ነው የመጣኸው? ወንድ ልጅ ከሴት ምድጃ ምን አለው?»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ደብሪቱ ግን ነገሩን እንደ ጥጥ ይፈትሉት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአጥራቸው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ሲያዘግም፣ እሳት የጫሩ ሴቶችን ከሩቅ ሲከተል አዩት። ምን ይፈልጋል? መንገዱን እያጠና ነው? ወይስ የማንን ቤት እንደሚለኩስ እየመረጠ?

ብዙም ሳይቆይ የራሳቸው ጎተራ ተቃጠለ። የዓመት ጤፋቸው ነበር። አንዲት ጎረቤት እሳት ጭራ ከወጣች ገና ምራቅ አልደረቀም፤ ደብሪቱ ጭሱ ሸቷቸው ወደ ጓሮ ሲሮጡ ጓንጉል እዚያ ነው። ጎተራው አልተረፈም። ደብሪቱ አላለቀሱም፤ እግሩን ነበር የሚያዩት። ወደ እሳቱ ገና ሳይጠጋ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አመድ ለብሷል። «ከየት አመጣው? ለኩሶ ሲመለስ እንጂ!» አሉ በልባቸው፤ በዚያው ወደ መንደሩ ዳኛ፣ ወደ ጭቃ ሹሙ ወሰኔ ሄደው በጆሯቸው ነገሯቸው።

አውጫጭኝ ተጠራ። የዚያ ዘመን ሕግ እንዲህ ነበር ይባላል፦ በዳዩ እስኪታወቅ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያውቅ ሰው ለዳኛው በምስጢር ይናገራል፤ የተናገረው ሰው ስም አይጠራም፣ «ወፏ ነገረችን» ይባላል እንጂ። ወሰኔም ተነሥተው «ወፏ ጓንጉል ነው ብላለች» አሉ፤ ወደ እሱም ዞረው «ጎተራው ሲቃጠል የት ነበርክ?» ብለው ጠየቁ።

ጓንጉል ዝም አለ። እንደገና ጠየቁት፣ ዝም አለ። ሦስተኛ ሲጠይቁት ቀና ብሎ አንድ ጊዜ ደብሪቱን አያቸውና መልሶ አቀረቀረ። ደብሪቱን ያ አስተያየት አስጨነቃቸው፤ የቂም ዓይን ቢሆን በወደዱ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተናገርክ ከርስትህ ተነቅለህ ካገር ትወጣለህ» አሉ ወሰኔ።

ሲመሻሽ ነፋሱ በረታ፣ ብርዱ ሰው አንቀጠቀጠ። ወሰኔ እሳት ይምጣ አሉ። የማን እሳት? የደብሪቱ ነዋ! ደብሪቱ ቤታቸው ሄደው አንድ ገል በፍም ሞልተው፣ እንደ ልማዳቸው ሳይከድኑ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበሉ በደረቁ ሣር መካከል ወደ ሜዳው ይመለሱ ጀመር። ድንገት ከሜዳው «ያዙት! አመለጠ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ጓንጉል ጠባቂዎቹን ገፍትሮ በቀጥታ ወደ እሳቸው እየሮጠ ነው። «አወቀብኝ፤ ሊገድለኝ ነው» ብለው ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

ጓንጉል ግን አልፏቸው ሄደ። ዞር ቢሉ፣ በመጡበት መንገድ ሣሩ እዚህም እዚያም ይጨሳል፤ ከያዙት ገል የበረረ ብልጭታ ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይዟል፤ ሰውየው በባዶ እግሩ እየረገጠ ያጠፋል፣ እሳቸውን ቀና ብሎም አላየም። ሲጨርስ ደክሞት ተቀመጠ። ደብሪቱ ቀርበው እግሩን አንሥተው አዩት። ውስጥ እግሩ የድሮ ጠባሳና አዲስ ቁስል ተደራርቦበት ከሰል መስሏል።

የጎተራው ዕለት ያዩት አመድ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባቸው።

«ምነው አያ ጓንጉል፣ ምነው አልተናገርክ?» አሉት።

«ብናገር ሌላ ሰው ነው ሜዳው ላይ የሚቆመው፤ ፍሙ ሁሉ የወጣው ከእርስዎ ምድጃ ነው» አላቸው።

ጠባቂዎቹ ደርሰው እየጎተቱ መለሱት። ደብሪቱ ዝም ቢሉ የሚያውቅ አልነበረም፤ ወፍ ስም የላትም። ቢናገሩ ደግሞ የሸማኔው ጎጆና የቄሱ በረት በእሳቸው ላይ ይመጣል፣ የዕድሜ ልክ ክብራቸውም አብሮ ይነዳል። ፀሐይዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሳለች።

ወሰኔ ለመጨረሻ ጊዜ «የት ነበርክ?» አሉ።

ጓንጉል አቀረቀረ። ያን ጊዜ ደብሪቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ።

«ወፏ እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፤ ያቃጠለን ያልተከደነው ፍሜ ነው» አሉ። «የት ነበርክ ትሉታላችሁ፤ ከኋላዬ ነበር።»

ቀጥሎ ከደብሪቱ ቤት እሳት ስትጭር የኖረች አንዲት ሴት ተነሥታ «ከኋላዬም ነበር» አለች። ሌላዋም ተነሣች፣ ሌላዋም። ወሰኔ የቆሙትን ሴቶች ቢያዩ የሚፈርዱበት ሰው አጡ ይባላል፤ የገዛ ሚስታቸውም ቆማ ነበር። ደብሪቱ ውሃ አስመጥተው የጓንጉልን እግር በእጃቸው አጠቡ፤ ከዚያም ያቺን የፍም ገል በሌላ ገል ከደኗት። ከዚያች ማታ ወዲህ በእንዶድ በር ክዳን የሌለው ፍም ከቤት አልወጣም፤ የማንም ሲሳይ ሲታፈንም አልታየም።

ይህን ታሪክ የሚጠራጠር አለ፤ እንዶድ በር ላይ ደግሞ የማይጠረጠር ምን አለ? ዛሬ ክብሪትም መብራትም ገብቶ እሳት የሚጫር ጠፍቷል፤ እሳት አጥፊዎቹም በመኪና ነው የሚደርሱት። አንድ ሹም ጥያቄው ተሸላሚን ያዋርዳል ብለው በጭብጨባ ሊተኩት ቢሞክሩ፣ የዚያ ዓመት ተሸላሚ «ሳልጠየቅ እግሬን አልታጠብም» ብሎ ጫማውን አድርጎ ሄደ ይባላል። ስለዚህ ዛሬም ይጠየቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ካበቃ በኋላ ሜዳው ጭጭ ይላል፤ ስንት ቃጠሎ ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው «ማንም ባይነሣስ?» እያለ የሚፈራው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ከሕዝቡ መካከል አንዱ፣ ቤቱ የተረፈለት ወይም ልጁ የወጣለት፣ ውሃ በማስታጠቢያ ይዞ ይነሣል።

«ከኋላዬ ነበር» ይላል።