መንገድ ብቻ የለመነው ባለጸጋ

«አንድ ገበሬ ነበረ» ብለው ጀመሩ መሪጌታ አስረስ። ደጃዝማች ድልነሳው ምክር ጠይቀዋቸው ነበር። በመርከብ የመጡ ፈረንጆች ወታደራቸውና ጭነታቸው የደጃዝማቹን አገር አቋርጦ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ውል አቅርበውላቸዋል። «መሬት አልፈለጉም፣ ግብር አልፈለጉም፤ ማለፍ ብቻ ነው የሚሉት። ምን ይጎዳኛል?» ነበር ጥያቄያቸው።

የገበሬው መሬት በአንድ ባለጸጋ ርስትና በወንዙ መካከል ነበር። ከወንዙ ማዶ ታናሽ ወንድሙ ይኖራል። አንድ ቀን ባለጸጋው በቅሎውን ትቶ በእግሩ ወደ ገበሬው ደጅ መጣ። «ከብቶቼ ውሃ እንዲጠጡ በማሳህ ዳር አሳልፍልኝ። ከአፈርህ እፍኝ አልነካም» አለው።

ሚስቱን ነገሩ አልጣማትም። «ይህ ሰውዬ ከወንድምህ ጋር በግጦሽ ይካሰስ የለም እንዴ?» አለችው።

«የእነሱ ጠብ የእነሱ ነው። እኔን የለመነኝ መንገድ ነው» አላት። እውነቱን ለመናገር፣ ትልቅ ሰው ደጁ ድረስ መጥቶ ስለለመነው ልቡ ሞቆ ነበር። በሽማግሌዎች ፊት «የባለጸጋው የሆነ ሁሉ በዚህ ይለፍ» ብሎ ቃሉን ሰጠ።

በጋውን ከብቶቹ በሥርዓት ወጡ፣ ወረዱ። ባለጸጋውም በየበዓሉ ሙክት ይልክለት ጀመር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ገበሬው ገብሱን ሊያይ ሲወጣ የባለጸጋው ሎሌዎች ጦርና ጋሻ ይዘው በመንገዱ ሲመጡ አየ። ፊታቸው ቆመ።

«ወዴት ናችሁ?»

«እያለፍን ነው» አለው አለቃቸው። «የጌታችን የሆነ ሁሉ ይለፍ ብለህ የለም? ገብስህን ነክተን ከሆነ ተናገር።»

ገበሬው ወደ ገብሱ ዞሮ አየ። አንድ ዛላ አልተረገጠም። ወንድሙን ጮኾ ሊጣራ ፈለገ። ግን የሰጠውን ቃል አሰበ፤ ሽማግሌዎቹን አሰበ፤ ሙክቱንም አሰበ። ፈቀቅ አለላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ከወንዙ ማዶ ጭስ ታየ።

በወንድሙ ቀብር ላይ በገበሬው አጠገብ የቆመ ሰው አልነበረም። የወንድሙ ሚስት ደረቷን መምታት አቁማ ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ በየት በኩል ነው የመጡብን?» አለችው። ታውቀዋለች፤ ከአፉ ልትሰማው ፈልጋ ነው። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ባለጸጋው የሟቹን ርስት ያዘ። በዓመቱ ደግሞ ማንንም ሳይለምን የገበሬውን ማሳ ማረስ ጀመረ። ገበሬው ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጠ፣ ወደ ጎረቤቶቹ ሮጠ። «ወንድምህን ሊገድሉ ሲሄዱ የት ነበርክ?» አሉት እንጂ አብሮት የቆመ የለም።

መሪጌታ እዚህ ላይ ወደ ደጃዝማቹ ዞሩ። «ባለጸጋው እነዚህ ፈረንጆች ናቸው። ገበሬው እርስዎ ነዎት። የተገደለው ደግሞ ከተራራው ጀርባ ያለውን አገር የሚገዛው የእናትዎ ልጅ ነው። መሬት አልፈለጉም ማለትዎ ልክ ነው፤ ዛሬ እርስዎን አይነኩም። ለመሆኑ አልፈው ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቀዋቸዋል?»

 «ውሉ ላይ ማኅተሜን ትናንት አትሜያለሁ» አሉ ደጃዝማቹ።

«እንግዲያው ለወንድምዎ ፈረሰኛ ይላኩለት» አሉ መሪጌታ። «እነሱ ሳያልፉ ይድረስ። ምን ብሎ እንደሚነግረው ግን እኔ አላውቅም።»