በቀበሌው ግቢ የተተከለው ድንኳን

አንድ መዝገብ በአንዲት ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ገደለ። ሴትየዋ ግን መሞታቸውን አልሰሙም ነበርና በየማለዳው እየተነሱ ደጃፋቸውን ይጠርጋሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ የታመመ ያስታምማሉ። ስማቸው እማማ ዘነቡ አረጋ ይባላል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጅ የላቸውም፤ ባለቤታቸው አቶ ወልደየስ ከሦስት ዓመት በፊት ኅዳር ዘጠኝ ቀን አርፈዋል። የቀረቻቸው አንዲት የጭቃ ቤት ናት። የእሷም የጓሮ ግድግዳ ወደ ውጭ አብጦ በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፎ ነው የቆመው። ጎረቤቶች በዚያ በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ጮክ ብለው ቢያወሩ ግድግዳው የሚወድቅ ይመስላቸዋል።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የቀበሌው አስተዳደር ደግ ነገር አሰበ። ክረምት ሳይገባ የአቅመ ደካሞችን ቤት ሊያድስ ወሰነና ማስታወቂያ ለጠፈ። ቆርቆሮው መጥቷል፣ እንጨቱ ግቢው ውስጥ ተከምሯል፤ የቀረው ስም ማስመዝገብ ብቻ ነው። ምዝገባው ለሁለት ሳምንት ተከፍቶ ይዘጋል። እማማ ዘነቡ ይህን ሲሰሙ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው በማግስቱ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ ተገኙ። ያቺ ግድግዳ ሌላ ክረምት እንደማትችል ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የሚተኙት ከሥሯ ነው።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው የመዝገብ ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነበረች።

«ስምዎን ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«ዘነቡ አረጋ።»

ልጅቷ ገጽ ገለጠች። ሌላ ገጽ ገለጠች። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ ቀና አለች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… እርስዎ ሞተዋል።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ኅዳር ዘጠኝ።»

«ኅዳር ዘጠኝማ የሞተው ባለቤቴ ነው!»

«እሳቸውማ አሉ። የቤቱ ኃላፊ ተብለው እዚህ ተጽፈዋል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። እማማ ዘነቡ የባላቸውን ሞት ሊያስመዘግቡ የመጡ ቀን፣ የዚያን ጊዜው ጸሐፊ «ሟች» በሚለው ቦታ የእሳቸውን ስም፣ «አስመዝጋቢ» በሚለው ቦታ ደግሞ የአቶ ወልደየስን ስም ጻፈ። በመዝገቡ መሠረት ሟቹ ሰውዬ በእግራቸው መጥተው የሚስታቸውን ሞት አስመዝግበው ተመልሰዋል ማለት ነው። ማንም ልብ አላለውም። ማህተም ተመታበት፤ አንዴ ማህተም ከተመታ በኋላ ደግሞ ማን ይጠይቃል?

ልጅቷ አዘነችላቸውና ስህተት ወደሚታረምበት መስኮት ላከቻቸው። እዚያ የተቀመጠው ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል አዳመጣቸው።

«እርማት እንዲደረግ የቤቱ ኃላፊ በአካል ቀርበው ማመልከት አለባቸው» አለ።

«የቤቱ ኃላፊ ማነው?»

«አቶ ወልደየስ።»

«እሱን ከየት ላምጣው፣ ልጄ?»

«ያሉበትን አያውቁትም?»

«አውቀዋለሁ እንጂ። ሚካኤል ነው ያለው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ።»

«ታዲያ ቅርብ ነው እኮ» አለ ሰውዬው፣ አሁንም ቀና ሳይል።

እማማ ዘነቡ መሳቅም ማልቀስም ከበዳቸውና ወጡ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ፈሪ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ኃላፊ በሌለ ሰው ስም ቤት አሳድሶ ከሥራው ተባሯል። ስለዚህ ይህኛው ከወረቀት ውጪ አንድ እርምጃ አይራመድም።

«እማማ፣ እንደማይዎት በሕይወት አሉ» አላቸው። «ግን ለሞተ ሰው ቤት አደስክ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ? ማስረጃ ያምጡልኝ።»

ሦስት ጎረቤት ይዘው መጡ። ሦስቱም «አለች፣ ትላንት አብራን ነበረች» ብለው መሰከሩ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን አከከ፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ችግሩ ምን መሰላችሁ» አለ፤ «ሰው ሲወለድ የምንሞላው ቅጽ አለን። ሲያገባ አለን። ሲሞት አለን። የሞተ ሰው ሲመለስ የምንሞላው ቅጽ ግን የለንም።»

ሳምንቱ እንዲህ አለቀ። እማማ ዘነቡም ተስፋ ቆረጡ። ሦስተኛ የባሕር ዛፍ እንጨት ፈልገው ግድግዳው ላይ አስደገፉና ከዚያ ወዲያ ወደ ቀበሌው አልሄዱም።

እሑድ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ እማማ ዘነቡ ከአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ተነሥተው ቆሙ።

«ስሜን ከእድሩ እንድትሰርዙልኝ ነው» አሉ። «ሞተሻል ተብያለሁ። የሞተ ሰው ደግሞ ሰው አይቀብርም።»

ቀልድ ሊያስመስሉት ነበር የፈለጉት። መሃል ላይ ግን ድምፃቸው ተሰበረ፤ እንባቸው መጣ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ጎረቤቶቹ ታሪኩን ለማያውቁት አስረዱ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ በላቸው ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው፤ ሲቆጡ ጆሯቸው ይቀላል። ያን ዕለት ጆሯቸው በርበሬ መሰለ።

«ማን አባቱ ነው ያለ እኛ የሚሞተው?» አሉ። «በዚህ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኛ ሳንቀብረው የሞተ ሰው አለ? ዘነቡ፣ ቁጭ በይ። ሞተሽ ከሆነ ጥፋቱ የእድሩ ነው። ጡሩምባ አላስነፋንልሽም፣ ድንኳን አልተከልንልሽም፣ አልተቀመጥንልሽም። ሦስት ዓመት አሳልፈናል! ይህን ዕዳ ማክሰኞ እናወራርዳለን።»

ሰዉ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ሳቀች። ቀጥሎ ሁሉም ገባው።

ማክሰኞ ማለዳ ጡሩምባ ነፊው ዘበርጋ በየመንደሩ ዞረ። «የወይዘሮ ዘነቡ አረጋ ለቅሶ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ በቀበሌው ግቢ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ነገሩን ያልሰሙ ሰዎች ደንግጠው እየሮጡ ወጡ፤ ሲወጡ እማማ ዘነቡ ራሳቸው ከሰልፉ ፊት ጥቁር ለብሰው ሲሄዱ አዩ። ከኋላቸው ድንኳን የተሸከሙ፣ ወንበር የተሸከሙ፣ የውኃ ጀሪካን የያዙ ሰዎች ተከትለዋል። ጎዳናው ሞላ።

የግቢው ዘበኛ ሊያስቆማቸው እጁን ዘረጋ።

«ለቅሶ ነው» አሉት ጋሽ በላቸው።

ዘበኛው እጁን አወረደ፤ ቆቡን አወለቀ። እንኳን ዘበኛ፣ ደመኛም ቢሆን ለቀስተኛን ከደጅ አይመልስም። ትንሽ ቆይቶ የድንኳኑን ካስማ ሲመታ የታየው እሱው ነበር።

ድንኳኑ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት ተተከለ። እማማ ዘነቡን ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ አስቀመጧቸው። ሰዉ በየተራ እየገባ፣ ጎንበስ እያለ፣ በጸጥታ ተቀመጠ። ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣውም ሁሉ ሰልፉን እየተወ ገብቶ ተቀመጠ። መስኮቶቹ ፊት ሰው ጠፋ። ጸጥታው ያስደነገጠው ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ሞተ?»

«ወይዘሮ ዘነቡ ናት» አሉ ጋሽ በላቸው። «መርዶውን የነገሩን እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

በዚያ ቅጽበት ሰዉ ተነሣና ወደ ሥራ አስኪያጁ መጣ። አንድ በአንድ እጁን እየያዙ፣ አንገታቸውን እየደፉ «እግዚአብሔር ያጽናዎት»፣ «ያጽናዎት ጌታዬ» አሉት። እሱም ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ የአገር ልጅ ነውና አፉ ሳያስበው «አሜን» አለ። ክንዱን ደግፈው ወስደው ፍራሹ ላይ፣ ከእማማ ዘነቡ አጠገብ አስቀመጡት። ሟቿም ከጀሪካኑ ውኃ በኩባያ ቀድተው ሰጡት።

«ጠጣ፣ ልጄ» አሉት። «ለቅሶ ላይ ጉሮሮ ይደርቃል።»

ሥራ አስኪያጁ ኩባያውን ተቀበለ። ሊጠጣ አልቻለም። ኩባያውን የሰጡት እጆች ጭቃ የነካቸው፣ የተሰነጣጠቁ ነበሩ። ሳምንት ሙሉ በፊቱ ሲመላለሱ እጃቸውን አይቶት አያውቅም፤ ያይ የነበረው ወረቀታቸውን ነው። አፈረ። ድንኳን ሙሉ ሰው እያየው አፈረ።

ጋሽ በላቸው ከብብታቸው አንድ ያረጀ ደብተር አወጡ።

«ይህ የእድራችን መዝገብ ነው» አሉ። «እያንዳንዱን ቀብር ጽፈንበታል። ኅዳር ዘጠኝን ይመልከቱ፦ የተቀበረው አቶ ወልደየስ፣ ሐዘንተኛዋ ወይዘሮ ዘነቡ፤ ቃሬዛውን የተሸከሙት ደግሞ እነዚህ ስምንት ሰዎች። ከስምንቱ ስድስቱ እዚህ አሉ። እናንተ መዝገብ አላችሁ፤ እኛም መዝገብ አለን። የእኛን የጻፈው ግን ቃሬዛው ትከሻው ላይ የነበረ ሰው ነው።»

ስድስት ሰዎች ተነሥተው ቆሙ።

የመዝገብ ሠራተኛዋ ማንም ሳያዛት የቀበሌውን ትልቅ መዝገብ ታቅፋ መጣችና በሥራ አስኪያጁ ጉልበት ላይ ዘርግታ ገለጠችለት። ሰውዬው ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ አየ። «ቅጽ የለም» ሊል አፉን ከፈተ፤ እማማ ዘነቡን አየ፤ አፉን ዘጋ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«ቅጹ ከሌለ» አለ፣ «በእጄ እጽፈዋለሁ። የሚጠይቀኝ ካለ እኔ እመልሳለሁ።»

ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ፦ «ወይዘሮ ዘነቡ አረጋ በሕይወት አሉ። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ ከእጃቸውም ውኃ ተቀብያለሁ።» ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ጽፎ ፈረመ። ልጅቷ እየሮጠች ማህተሙን አመጣችና መታችበት።

ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። ያ ድንኳን ከተሰፋ ጀምሮ የለቅሶ እንጂ የእልልታ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ዘበርጋ ጡሩምባውን አንሥቶ እንደ ሠርግ መለከት ነፋው፤ ሴቶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ዘበኛው ዘሎ ጨፈረ። ጋሽ በላቸው አልቅሼ አላውቅም የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን አለቀሱ።

እማማ ዘነቡ ግን እጃቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙ።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አሉ ሥራ አስኪያጁን። «አሁን የእሱን ስም በቦታው ጻፍልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የቤቱ ኃላፊ እያላችሁ በየመስኮቱ ስትጠሩት ከርማችኋል። ይረፍ።»

ተጻፈላቸው። ሰዉ ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ለጥቂት ደቂቃ ስለ አቶ ወልደየስ እውነተኛ ለቅሶ ተለቀሰ። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ተነቀለ።

እንዲህም ሆኖ እማማ ዘነቡ ምዝገባው ሳይዘጋ ተመዘገቡ። ግድግዳው በግንቦት ፈርሶ በአዲስ ተሠራ። ጭቃውን እድሩ አቦካ፤ ቆርቆሮውን ጋሽ በላቸው መቱ፤ ሥራ አስኪያጁም ሱሪውን ጠቅልሎ ጭድ ሲያቀብል ዋለ። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከጠዋት እስከ ማታ ጣለ፤ በቤቱ ውስጥ አንድ ጠብታ አልገባም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በዚያ ቀበሌ ማንም ሰው «ሞቷል» ወይም «ለቋል» ተብሎ ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት አንድ ሠራተኛ ሄዶ በሩን ማንኳኳት ግድ ሆነ። ባንኳኩ ቁጥር ሊሰረዙ ከነበሩት መካከል «አቤት» የሚል ሰው አላጡም።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ ቀበሌውን ይወቅሳል፤ እኔም ወቅሻለሁ። መዝገብ የተሠራው ለሰው ነው፤ ሰውን «ከወረቀቱ ጋር ካልተስማማህ የለህም» የሚል አገልግሎት አገልግሎት አይደለም። በመስኮት በኩል የተቀመጥህ ወንድሜ፣ የተቀመጥሽ እህቴ፣ እባካችሁ ቀና በሉ። ፈሪ ብትሆኑ እንኳ ቀና በሉ፤ ያ ሥራ አስኪያጅም ፈሪ ነበር፤ የዳነው ቀና ሲል ነው።

ለእኛ ለተራዎቹ ሰዎች ግን ሌላ ጥያቄ ቀርቷል። እማማ ዘነቡ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲንከራተቱ፣ ከሦስት ጎረቤት በቀር ሳምንት ሙሉ ሰፈሩ የት ነበር? ሰው ሲሞት ድንኳን ተሸክመን እንሮጣለን፤ ሥራችንን ጥለን ሦስት ቀን እንቀመጣለን፤ ለማናውቀው ሰው ቃሬዛ እንሸከማለን። ይህ ትልቅ ነገራችን ነው። ታዲያ አንድ ጎረቤታችን ገና በሕይወት እያለ፣ ገና ልናድነው እየቻልን፣ ድንኳናችንን ይዘን የምንወጣለት መቼ ነው?