ሦስት አሸናፊ፣ አንድ አልበም

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ በማይርቅ ወቅት፣ ቃል መግባት የማይከብደው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበረ። ጣቢያው የዘፈን ውድድር ያዘጋጃል። ሕዝቡ እራቱን እያቀዘቀዘ ያያል፣ ስልኩን አውጥቶ ለሚወደው ልጅ ድምፅ ይሰጣል፣ በዚሁ ሰበብ ከጎረቤቱ ይኳረፋል። በመጨረሻ አንዱ ያሸንፍና ዋንጫ ይታቀፋል፣ ብልጭልጭ ወረቀት ይበተንበታል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታሰው መድረክ ላይ ይወጣና «የራስህን አልበም እናሠራልሃለን» ይላል። ጭብጨባው ያልቃል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ አልበሙም እዚያው ይቀራል።

እንዲህ ተብሎላቸው የቀሩ ሦስት ናቸው።

ሙሉጎጃም የቡሬ ልጅ ናት፤ አባቷም አያቷም በማሲንቆ የኖሩ። ካሸነፈች ጀምሮ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ፣ የዓሣ ጥብሱ ዘገየ ብሎ ለሚነጫነጭ እንግዳ የሰው ዘፈን ትዘፍናለች። ደጀኔ ናዝሬት ባጃጅ ይነዳል። የተሳፈረው ሁሉ በመስታወቱ እያየው «አንተ ያ ልጅ አይደለህም እንዴ? አልበምህ ወጣ?» ይለዋል። ሰሚራ ደግሞ ኮምቦልቻ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ያ አገር ያስለቀሰ ድምፅ አሁን «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል መዝሙር ያስጠናል። ሦስቱም በሰው ዘፈን የታወቁ፣ የራሴ የሚሉት አንድ ዘፈን የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ጣቢያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጠራቸው። «የአሸናፊዎች ግጥሚያ» አለና አንድ አልበም ለሽልማት አቀረበ። አንዴ ያሸነፉትን እንደገና አሸንፉት ማለት ነው። በዚህኛው ጊዜ ግን ነገሩ የምር ነበር፤ ስቱዲዮው ተይዟል፣ ባንዱ ተቀጥሯል፣ ግጥምና ዜማው ተዘጋጅቷል። ለአንድ ሰው ብቻ። እምቢ አይሉም ነበር ወይ የምትሉ፣ እናንተ በሰው ዘፈን አርጅታችሁ እዩት።

አብረዋቸው ከተጠሩ ሌሎች የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ጋር ሳምንታት ሲጋጠሙ ቆይተው እነዚሁ ሦስቱ ለመጨረሻው ቀን ደረሱ። የመጨረሻው ዙር «ተቀበል» ነበር። እንደ አዝማሪ ቤት፣ ከታዳሚው መካከል አንዱ ግጥም ይሰጣል፤ ዘፋኙ ምንም ሳይቀንስ፣ ምንም ሳያጎድል ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። የተሰጠውን ያልተቀበለ ይወድቃል። ዳኝነቱ እኩል እንዲሆን ለሦስቱም አንድ ግጥም ይሰጣል ተባለ። ግጥም ሰጪ ሆኖ የተነሣውም ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው አቶ ጌታሰው ነው። ማይኩን ያዘና፦

ቃሉን የማያጥፍ ቤት፣ እንዲህ ያለ ማን አለ፣
የዘፋኝ ልጆቹን፣ ሰው አርጎ ያበቀለ።

አዎ፣ እንዲህ አለ። ሳቅ እንኳ አላመለጠውም።

ሙሉጎጃም ቀድማ ወጣች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ግጥሙን እንደተሰጣት ተቀበለች፣ አንዲት ቃል አልነካችም። ውሸት መሆኑን የሚያውቀው ሰው ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ አዳመጣት። ድምፅዋ እንዲያ አምሮ አያውቅም። አቶ ጌታሰው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እውነት ስለሱ የተባለ መስሎት ይወዛወዛል።

ደጀኔ ተከተለ። ባንዱ መግቢያውን ሁለቴ ዞረለት። ከዚያ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ «ይሄን አልቀበልም» አለና መሬት ላይ አስቀምጦት ወረደ። እንደሚወድቅ ያውቃል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሕዝብ ድምፅ የሚመራውም እሱ ነበር። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት።

ሰሚራ ሦስተኛ ወጣች። ግጥሙን ሙሉውን ተቀብላ ዘፈነች። ሲያበቃ ግን አልወረደችም። ባንዱን በእጇ ቀጥሉ አለችና ማንም ያልሰጣትን ጨመረች፦

ለኛ ለሦስታችን፣ በየተራ ምለውልን፣
ዛሬም ቆመን አለን፣ ላንዱ ተጣሉ ሲሉን።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰማ። ቤቱ ሆኖ የሚያየው ግን የመጀመሪያውን ውዳሴ ብቻ ነው የሰማው፤ ከዚያ በኋላ ስርጭቱ ተቆርጦ የፓስታ ማስታወቂያ ገባ።

ከመድረኩ ጀርባ ሦስቱ ተፋጠጡ።

«ሙልዬ፣ እንዴት አስቻለሽ?» አለ ደጀኔ።

«እኛ ቤት ግጥም ሲሰጥህ ትቀበላለህ። አባቴ ራሱን የሚሰድብ ግጥም ሲሰጠው እንኳ ተቀብሎ ዘፍኗል። ውሸቱ የሰጪው ነው።»

«አፉስ የማን ነው?»

«አፌማ ሥራዬ ነው። አንተ ሕጉን ስታውቅ ገብተህ እመሃል ላይ ጥለህ ሄድክ። ባጃጁንስ እንዲህ ነው የምትነዳው?»

«እውነቱን የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለች ሰሚራ።

«አንቺ?» አለ ደጀኔ፣ «መጀመሪያ አሞግሰሽው፣ ነጥብሽን ይዘሽ፣ ከዚያ ነው የወቀስሽው። በሁለት ቢላ ነው የበላሽው።»

«አንተ እኮ አልቀበልም ብለህ ወረድክ እንጂ ምን እንደበደሉን አልተናገርክም። ሰው ጉሮሮው ታሞ ነው ቢልስ?»

«እሷ ግን ያልተሰጣትን ጨምራለች» አለች ሙሉጎጃም። «መቀነስ ያስጥላል ከተባለ መጨመርስ?»

ይህን ሲባባሉ የሰሚራ ስልክ ጮኸ። እናቷ ናት ከኮምቦልቻ። «ልጄ፣ ያን ሌባ ለምን አመሰገንሽው? ጎረቤት ሁሉ እየታዘበን ነው።»

«እማዬ፣ ኋላ ያልኩትን አልሰማሽም?»

«ኋላማ ፓስታ ነው የመጣው።»

ዳኞቹም አልተሻሉም። አንደኛው «ሕጉን የጠበቀችው ሙሉጎጃም ብቻ ናት፤ በድምፅም ቢሆን በልጣለች» አለ። ሁለተኛዋ «አልበም የሰው መታወቂያ ነው፤ ሕጉ ቢጥለውም ለሽልማት ብሎ ያልዋሸው ደጀኔ ብቻ ነው» አለች። ሦስተኛው «የተሰጣትን ተቀብላለች፣ የሁሉንም በደል ተናግራለች፤ ሰሚራ ትውሰድ» አለ። አቶ ጌታሰው ተቆጥቶ መኪናው ውስጥ ገብቷል። ውሳኔው የእናንተ ነው ብሎ ለዳኞቹ ትቶታል፤ ስቱዲዮውም ነገ ጠዋት አንዱን ይጠብቃል።

አሁን እናንተ ተከራከሩ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበላችሁ፤ ለሦስቱም ይገባል ብላችሁ እንዳታመልጡኝ። እሱማ ድሮ ተወስኖ ነበር፤ ወሳኙ ሰውዬ ነው ያላደረገው። ዛሬ ያለው አንድ ስቱዲዮ፣ አንድ ባንድ፣ አንድ አልበም ነው። የተሰጣትን እንደ አባቷ ወግ አክብራ የተቀበለችው፣ አልቀበልም ብሎ በእጁ የገባውን የጣለው፣ ወይስ ተቀብላ ስታበቃ ያልተሰጣትን የጨመረችው? ለማን ይገባል?