ጓንጉልና የመንገዱ ዋስ

፩

ከጀማ ወንዝ ወዲህ ያለ ሰው ስለ ቀልደኛው ጓንጉል ማውራት ሲያምረው፣ ወሬውን ከባላምባራስ ደምመላሽ ይጀምራል። ባላምባራስ በገበያው ዳር ካለችው ግራር ሥር ወንበር አስወጥተው ይቀመጡና ለመንገደኛ ሁሉ ዋስ ይሆናሉ። ነጋዴው ቆላ ከመውረዱ በፊት አንድ ገንቦ ማር ወይም አንድ ሙክት ያቀርባል። እሳቸው ደግሞ በሰው ፊት እጃቸውን አንሥተው፣ በመንገድ የጠፋብህን እተካለሁ፣ አይዞህ እኔ አለሁልህ ይሉታል። ማሩ ጓዳ ይገባል፤ ሙክቱ ይታረዳል። የተተካለት ሰው ግን እስካሁን አልታየም።

አንድ የገበያ ቀን ጓንጉል በዚያ ሲያልፍ ጠሩትና፣ እሳቸው ዋስ ከሆኑ ወዲህ አንድም መንገደኛ እንዳልተጎዳ ነገሩት።

ጓንጉል እጅ ነሥቶ፣ «እውነት ነው ጌታዬ። ተጎድቶ የመጣው ሁሉ ከእርስዎ ዘንድ የሚመለሰው አለመጎዳቱን ተረድቶ ነው» አላቸው።

፪

አንድ የጨው ነጋዴ ጭነቱን ሽፍታ ወሰደበትና እያለቀሰ ከግራሯ ሥር ደረሰ። ባላምባራስ የሽፍታውን ፊት አይቶ እንደሆነ ጠየቁት። አይቻለሁ አለ። ታውቀዋለህ ወይ አሉት። አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው ነው አለ። ይኼ እንግዲህ ሽፍታ ሳይሆን የምታውቀው ሰው ነው፤ እኔ ዋስ የሆንኩት ለሽፍታ ነው ብለው ሸኙት።

በሳምንቱ ሌላ ነጋዴ ተዘርፎ መጣ። ይኼኛው የመጀመሪያውን ሰምቶ ስለነበር፣ ፊቱን ጭራሽ አላየሁትም፣ አላውቀውም አለ። ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካላወቅኸው ሽፍታ መሆኑን በምን አወቅህ አሉት።

ጓንጉል ከዳር ቁጭ ብለው ወደሚያዳምጡት ነጋዴዎች ዞር ብሎ፣ «ከእንግዲህ ስትዘረፉ ግማሽ ፊቱን ብቻ እዩ» አላቸው።

፫

የአንድ ሽማግሌ አህያ ዳገት ላይ ወደቀችና በዚያው ቀረች። ባላምባራስ ከመንገዱ በፊት ታማ እንደሆነ ጠየቁ። ሽማግሌው ታማ አታውቅም፣ ትንሽ አርጅታ ነበር እንጂ አሉ። ባላምባራስ ደስ አላቸው። እርጅና የቆየ በሽታ ነው፣ ከኔ ዋስትና በፊት የጀመረ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም አሉ።

ሽማግሌው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጓንጉል ግን ደግፎ እያስነሣቸው፣ «አይዘኑ አባቴ፣ አልሰሙም እንጂ ባላምባራስ ዋስ የሚሆኑት ላልተወለደች አህያ ነው» አላቸው።

፬

ከዚያ ተራው የራሱ የጓንጉል ሆነ።

ወርቅያንሱ የሟች ታላቅ ወንድሙ ሚስት ናት። ባሏ ሲሞት የተረፈቻት አንዲት ዳለቻ በቅሎ ነበረች፤ እሷን ለነጋዴ እያከራየች ትኖራለች። ጓንጉል በርበሬ ጭኖ ማዶ ገበያ ሊወርድ በቅሎዋን ለመናት። እሷም እሺ አለችው፣ ግን ዋርሳዬ፣ የመንገድ ዋስ ሳትይዝ ወንዝ እንዳትሻገር፣ ከሷ ሌላ እንደሌለኝ ታውቃለህ አለችው። ለጓንጉል ቃሏ ቃል ነው። የራሱን ቀፎ ቆርጦ አንድ ገንቦ ማር ሞላና ግራሯ ሥር ይዞ ቀረበ።

ባላምባራስ ሲያዩት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በገበያ ሙሉ ሰው ፊት፣ ይኼ ሁልጊዜ በዋስትናዬ የሚቀልደው ሰው ዛሬ ምን እግር ጣለው አሉ።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ጓንጉል አፍ መፍታት የጀመረች ሴት ልጁን ቀብሯል። ለጥቂት ጊዜ ቀልዱን ትቶ ነበር፤ ኋላ ተመለሰበት። ያን ሁሉም ሰው ያውቃል። ማሩን ከባላምባራስ እግር ሥር አስቀመጠና፣

«ለዋናው ዋስ ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ለበቅሎዋ እንኳ ላግኝ ብዬ ነው» አላቸው።

ባላምባራስ ሳቃቸውን አቋረጡ። ማሩን ግን ወሰዱ።

፭

ጓንጉል ሲመለስ ጀማ በድንገት ሞላና ዳለቻዋን ከመሻገሪያው ጠርጎ ወሰዳት። እሱ በዋና ወጣ። እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ግራሯ ሄደ።

ባላምባራስ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አዘኑለትም። ከዚያ ወንዝ የእግዜር ሥራ ነው፣ እኔ ዋስ የምሆነው ለሰው ሥራ ነው አሉት። ጓንጉል ይህን ማሩን ሲቀበሉ ለምን እንዳልነገሩት ጠየቀ። አልጠየቅኸኝም አሉት።

ጓንጉል ጺሙን ጨመቀና፣ «እንግዲያ ማሩን ይመልሱልኝ። ንቧም የእግዜር ናት» አላቸው።

፮

ማሩ አልተመለሰም፤ በቅሎም አልተተካም። ወርቅያንሱ አልተቆጣችውም፤ እሱን የጎዳው ይህ ነው። ክረምቱ ሳይገባ በቅሎ ካላገኘሁ የሰው ቤት ገብቼ ልፈጭ ነው አለችው። ጓንጉል በማግሥቱ ወደ ጭቃ ሹሙ ሄዶ ባላምባራስን ከሰሰ።

ጭቃ ሹሙ በገበያው ቀን ግራሯ ሥር መጥቶ፣ ይህ ከኔ በላይ ነው፣ ማዶ ካሉት ከዳኛው ከፊታውራሪ ናደው ዘንድ ሂዱ አላቸው። በአገሩ ልማድ ተካሳሽ ሰው ለመቅረቡ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ካጣ ግን ኩታው ከከሳሹ ኩታ ጋር ተቋጥሮ እስከ ዳኛው በእግሩ ይሄዳል። ባላምባራስ በዚህ ሳቁ። ለአገሩ ሁሉ ዋስ የሆንኩ እኔ ዋስ ላጣ ነው ብለው ወደ ገበያተኛው ዞሩ።

የጨው ነጋዴው ቀድሞ መለሰ። ዋስ በሆንኩ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እርስዎን አውቅዎታለሁ፣ እኔ ዋስ የምሆነው ለማላውቀው ሰው ነው አላቸው። ሁለተኛው ነጋዴ በበኩሉ ፊትዎን በደንብ አላየሁትም አለ። ባለ አህያው ሽማግሌ ትክ ብለው አዩዋቸውና፣ ልጄ፣ ፀጉርህ ሸብቷል፣ ይኼ ከኔ በፊት የጀመረ ነው አሉ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ባላምባራስ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞሩ አንድም እጅ የሚያነሣ ጠፋ።

ጓንጉል የኩታውን ጫፍ ይዞ ቀረባቸውና፣ «አይዞዎት፣ እኔ አለሁልዎት» አላቸው።

፯

ጭቃ ሹሙ ሁለቱን ኩታዎች አጥብቆ ቋጠረ። የታሰረ ሰው በበቅሎ አይሄድምና፣ የባላምባራስ ሰጋር በቅሎ እዚያው ቀረች። ጠባቂ ሲፈለግ ወርቅያንሱ እኔ እይዛታለሁ ብላ ልጓሟን ተቀበለች።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውኃው እስከ ወገብ ይመጣል። ባላምባራስ በእግራቸው ተሻግረው አያውቁም። መካከል ላይ ድንጋዩ ከዳቸውና ተንሸራተቱ፤ ኩታቸው ውኃ ጠጥቶ ወደ ታች ጎተታቸው። ጓንጉል እግሩን ተክሎ ቋጠሮውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ባላምባራስ ውኃ እየተፉ ያዘኝ፣ ስለ ማርያም ያዘኝ ይላሉ።

ጓንጉል በትሕትና ዝቅ ብሎ፣ «ይዤዎታለሁ ጌታዬ። ግን ለደረቅ መንገድ ብቻ ነው» አላቸው።

ባላምባራስ ውኃም በዋስትናው ይገባል፣ በቅሎዋን እተካለሁ፣ ንጉሥ ይሙት ብለው ማሉ። ድንጋዩስ አለ ጓንጉል። ድንጋዩም ይገባል። ጭቃውስ። ጭቃውም። እርጅናስ ቢላቸው፣ እርጅናም፣ ፈጣሪም፣ ሁሉም ይገባል አሉ። ያን ጊዜ እንደ እርጥብ ጆንያ ጎትቶ ከዳር አወጣቸው።

፰

ከፊታውራሪ ናደው አደባባይ እስኪደርሱ ፀሐይ የባላምባራስን ልብስ አድርቃ ነበር። ልብሳቸው ሲደርቅ ልባቸውም ተመለሰ። መሐላውን የማልሁት በፍርሃት ነው፣ ወንዝ ውስጥ የተነገረ ቃል ወንዙ ይዞት ሄዷል አሉ። ወንዝ የእግዜር ሥራ መሆኑንም እንደገና አስረዱ፤ አማርኛቸው ያምር ስለነበር አንዳንዱ አዳማጭ ራሱን ነቀነቀላቸው።

ፊታውራሪ ወደ ጓንጉል ዞሩ። ሲምሉ የሰማ ምስክር አለህ ወይ አሉት። ከሁለታቸው በቀር ወንዙ ውስጥ ማንም አልነበረም። ያለ ምስክር ምን ልፍረድልህ አሉ ፊታውራሪ፣ እያዘኑ።

ከወንዙ ራስ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ነጎድጓድ ተሰማ። ባላምባራስ ቀና ብለው ደመናውን አዩ። ጓንጉልም አየው። ከዚያ በመካከላቸው ያለው ቋጠሮ ላልቶ እንደሆነ ፈተሸ፤ አልላላም።

«ምስክር የለኝም ጌታዬ» አለ። «ቀጠሮ ይስጡንና እንደታሰርን በመጣንበት ወንዝ እንመለስ።»