ያልተነበበላት ሰነድ

ማኅተም የተሰጠው አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ሰነድ ማረጋገጥ ነው። ሰዎች ሲሻሻጡ፣ ሲወካከሉ፣ ሲሰጣጡ ወደ እርሱ ይመጣሉ። እርሱም ሰነዱን ጮክ ብሎ ሊያነብላቸው፣ «በፈቃድዎ ነው ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ፣ ሲፈርሙም በዓይኑ ሊያይ ይገባዋል። ማኅተሙ የሚያርፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚያው ከተማ አንዲት ዓይነ ስውር መበለት ነበረች። ከባሏ የቀረላት ቤቷ ብቻ ነው። የባሏ ወንድም፣ «እትዬ፣ ግቢሽ ውኃ ላስገባልሽ፤ ለዚያ ውክልና ያስፈልጋል» አላትና እጇን ይዞ ወሰዳት። ያስጻፈው ግን ቤቷን ለእርሱ በስጦታ የምትሰጥበትን ውል ነበር።

ያን ቀን ወረፋው እስከ ደጅ ደርሷል። ባለማኅተሙ ሴትዮዋን ቀና ብሎ አያት፤ ማየት እንደማትችልም አወቀ። ወንድምየው ፈጠን ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እኔው አንብቤላታለሁ» አለው። ባለማኅተሙ ወረፋውን ተመለከተ። አፉን ሳይከፍት የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ አሳየ። ወንድምየው አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ማኅተሙም ተመታ።

ውኃው ሳይገባ፣ ወንድምየው ቤቱን የሸጠለት ሰው ሊረከብ መጣ። መበለቲቱ ጮኸች፣ ከሰሰች። ችሎት ፊት ቆማ፣ «ያን ማኅተም የመታው ሰው ይምጣልኝ» አለች። ተጠርቶ መጣ።

ዳኛው፣ «ሰነዱን አንብበውላቸዋል?» ሲሉ ጠየቁት።

ሰውየው እንጀራውን አሰበ፣ እስር ቤቱን አሰበ። «አዎ፣ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። በፈቃድዎ ነው ወይ ብዬ ጠይቄ፣ አዎ ብለውኛል» አለ።

ሴትዮዋ ጆሮዋን ወደ እርሱ አዘነበለች። «ክቡር ዳኛ፣ እኔ ሰው የማውቀው በድምፁ ነው» አለች። «ይህን ድምፅ ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

ዳኛው አመኗት፤ ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ነገር ግን በሕግ ፊት ሚዛን የሚደፋው የሹሙ ቃልና ማኅተሙ ነው፤ የእርሷ ጆሮ ማስረጃ አልሆነም። ተፈረደባት።

ጎረቤቷ እየመራቻት ስትወጣ በሰውየው አጠገብ አለፉ። መበለቲቱ ትንፋሹን ሰምታ ቆመች።

«እስቲ አሁን ጠይቀኝ» አለችው። «በፈቃድሽ ነው ወይ በለኝ።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። አሁንም ዝም አለ። እርሷ የሰው ቤት ተጠግታ ሞተች፤ እርሱ እስኪያረጅ በወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሲያልፍም ሰው ብድግ ይልለት ነበር።

አንተ ልጄ፣ ነገ ማኅተም ልትቀበል ነውና፣ «ወረፋው በዝቶ ሳላነብ ብመታ፣ የዋሸው ሰነዱን ያመጣው ሰው ነው፤ የእኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ያ ሰውም በመጀመሪያው ቀን አንዲት የሐሰት ቃል አልወጣችውም። ዝም ብቻ ነው ያለው። ችሎት ላይ የዋሸው ያንን ዝምታ ሊያድን ብሎ ነው። አንተም እንደ እርሱ ነህ፤ ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ለዝምታህ ጠበቃ ትፈልጋለህ። አንተ ለወረፋው ብለህ የምትዘላት ጥያቄ፣ ለአንዲት ሴት ቤቷ ናት።