ቀይዋ መብራት እና የደረቅ ኩሬ ጥጃ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ ትመልሱልኝ ነበር። ዛሬ አትመልሱልኝ። የዛሬው በረት ባዶ ነው፤ እንዴት ባዶ እንደሆነ ልንገራችሁና ከዚያ ብትፈልጉ ትመልሳላችሁ።

ከብትም መኪናም ዕቃም እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን ደረቅ ኩሬ የምትባል የቆላ መንደር ነበረች። ዝናብ ትቷታል። ውሃ የሚያመጣላት አንድ አሮጌ ቦቴ ብቻ ነበር፤ ሾፌሩም ወንድይፍራው ይባላል። ዳለቻ የምትባል ላም በየሦስት ቀኑ ጥጃዋን ይዛ መንገድ ዳር ትቆምና ቦቴውን ትጠብቃለች።

አንድ ጊዜ ቦቴው መንገድ ላይ ቀረ። ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ናፍታ አጥሮት፣ ማንም ሳያውቅለት ደርቆ ተቃጥሎ ነበር። ውሃው አራት ቀን ዘግይቶ ሲደርስ የዳለቻ እናት ሞታ ተገኘች። ወንድይፍራው ከልቡ አዘነ። ስለዚህ መካኒኩ አደም አዲስ ፖምፓ ሲገጥምለት፣ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራትም ዳሽቦርዱ ላይ ተከለለት፤ ሽቦዋንም እስከ ናፍታው ቧንቧ ድረስ ዘረጋው።

«ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍታው ነው» አለው አደም። «የናፍታው ግፊት ካነሰ ፖምፓው ራሱን ይበላል። ይህች ስትበራ ቁም። አትከራከራት፤ ቁም።»

በመጀመሪያው ጉዞ፣ መንደሩ ሊደርሱ አንድ ዳገት ሲቀራቸው፣ መብራቷ በራች። ግፊቱ አንሷል፣ ቁም አለችው። ወንድይፍራው ቆመ። የናፍታውን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን ፈትቶ ቢያየው በቆሻሻ ተደፍኗል። ቀየረው፤ ዳገቱን ወጣ፤ ውሃው ደረሰ። ዳለቻ ጠጣች፤ ጥጃዋም ጠጣች።

በሁለተኛው ጉዞ፣ እዚያው ዳገት ላይ፣ መብራቷ እንደገና በራች። ግፊቱ አንሷል፣ ቁም አለችው። ወንድይፍራው ቆመ። ፊልትሮውን ፈትቶ ቢያየው ንጹሕ ነው። ለአደም ደውሎ ቢጠይቀው፣ ቱቦው አንድ ቦታ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ይሆናል፣ ጋራዥ አምጣው፣ አንድ ቀን ይበቃኛል አለው። ወንድይፍራው ግን አንድ ቀን ከየት ይምጣ፣ ሰው በጥም እየጠበቀኝ አለ። ቀስ እያለ ነድቶ ደረሰ። ዳለቻ ጠጣች፤ ጥጃዋም ጠጣች። እስካሁን ክፉ ሰው እንደሌለ ልብ በሉልኝ። ኋላም አይመጣም፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ክፋቱ የመጣው የናፍታውን መጠን ከሚያሳየው ከጌጁ ቀስት ነው። ቀስቱ ዕድሜውን ሙሉ ዳሽቦርዱ ላይ ጌታ ነበር። ሾፌሩ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው እሱን ነበር፤ አሁን ግን ዓይኑ ሁሉ ወደ ቀይዋ መብራት ሆነ። ቀስቱ በቅናት ከረመ። ከዚያም ዳሽቦርዱን ከፀሐይ ወደሚከልለው፣ ዘርፋምና ጸጉራም ወደሆነው ልብስ ዞሮ ማባበል ጀመረ።

እንዳንተ ያለ ጌጥ አላየሁም፣ ያቺ ቀይ ዓይን ግን ውበትህን አበላሸችብህ አለው። ዘርፍህን ትንሽ ወደ ታች ብትለቀው ምን ነበረበት አለው። ልብስ መቼም ሲያሞግሱት አይችልም። መኪናው አንድ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ሸርተት አለ፤ ዘርፉም መብራቷ ላይ ወደቀ።

ወንድይፍራው አይቷል። እጁን ዘርግቶ ሊያነሳው ይችል ነበር። ግን ያቺን መብራት ባያይ ልቡ ያርፍለት ነበርና ተወው።

በሦስተኛው ጉዞ፣ እዚያው ዳገት ሥር፣ መብራቷ በራች። ግፊቱ አንሷል፣ ቁም አለች። ዘርፉ ግን ብርሃኗን ሸፈነው። ወንድይፍራው ወደ ጌጁ አየ፤ ቀስቱም ደረቱን ነፍቶ ሙሉ ነን አለው። እውነቱን ነው፤ ናፍታው እስከ አፉ ነበር። ወንድይፍራው ዛሬስ ቦቴው ተሻለው ብሎ ነዳጁን ረገጠ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ፖምፓው አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ቦቴው ቆመ፤ ሞተሩ ዳግመኛ አልተነሳም።

ከዳገቱ ማዶ ዳለቻ ስትጠብቅ ዋለች። ጥጃዋ በጥም ጉልበቱ ከድቶት ተኝቷል። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ፣ መጣሁ፣ እንዳትነሳ ብላው ዳገቱን ብቻዋን ወጣች። ከላይ ሆና ቦቴውን አየችው፤ ከቧንቧው አፍ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃም ሸተታት። ወርዳ ከሾፌሩ ፊት ቆመች።

«ወንድይፍራው፣ ውሃው አለ?» አለችው።

«አለ። ሙሉ ነው።»

«ናፍታውስ?»

«እሱም ሙሉ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

ወንድይፍራው ባልዲ ሞልቶ አስቀመጠላት። ዳለቻ ለራሷ አልጠጣችም፤ ጡቷ ወተት እንዲይዝላት ጠጣች። ከዚያ ዳገቱን መልሳ ሮጠች።

እሷ ስትሄድ ወንድይፍራው ካቢናው ውስጥ ገባና ዘርፉን ገለጠው። መብራቷ እንደበራች ናት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«ከዳገቱ ሥር ጀምሮ።»

«ምነው ታዲያ አልጮህሽም?»

«እኔ መብራት ነኝ» አለችው። «አደም ብርሃን እንጂ ጩኸት አልሰጠኝም። ማየቱን ደግሞ ካንተ ጠብቄ ነበር።»

ቀስቱ ከጎኗ ሆኖ አሁንም ሙሉ ነን ይላል። የሚሰማው አልነበረም።

ቀትር ላይ ከዳለቻ የሰሙት የመንደሩ ሰዎች በጄሪካን እየተሸከሙ ውሃውን ወሰዱ፤ ሰው ተረፈ። ወንድይፍራውም የመጨረሻውን ጄሪካን በትከሻው አድርጎ ከዳለቻ በረት ደረሰ። ዳለቻን በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ጡቷ ወተት አግቷል። የሚጠባው ግን የለም። ጄሪካኑን በሩ ላይ አወረደው። እሷም አልወቀሰችውም፤ ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የሞላ ነገር ሁሉ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ቁም የሚላችሁ ደግሞ ሲሸፈን ዝም ያለ ይመስላል እንጂ፣ ከሥር ሆኖ እየነደደ ነው።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱ፤ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃኛል፤ እሱንም እኔ ዘንድ እስኪደርስ ዓይናችሁን ከሱ አትንቀሉ።