ጥላዬ፣ አስካለና የወፍጮው ድንጋይ

የጣርማ በርን ዳገት የሚመላለሱ ሾፌሮች ጉረኛን ዝም የሚያሰኙበት አንድ አባባል አላቸው። ዛሬ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይጠቀምበታል፤ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ እንኳ ጣል ያደርጉታል። መነሻው ግን የሾፌሩ የጥላዬ መኪና ካምቢዮ ነው።

ጥላዬ ባለተሳቢ የጭነት መኪና ነበረችው። አርጅታለች፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው "ሙሽሪት" ነበር የሚላት። ሚስቱ አስካለ በዚህ አትቀናም። "እኔን ባገባህ ዓመት የገዛሃት ናት፤ መንቋቋትም የጀመርነው እኩል ነው" ትለዋለች።

በዚያ ሰሞን አስካለ ለተወለደችበት መንደር፣ ለብር አምባ፣ ቃል ገብታ ነበር። የብር አምባ ሴቶች እህል ለማስፈጨት ግማሽ ቀን በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ተዋጥተው ወፍጮ ሲገዙ አስካለ፣ "ለግንቦት ልደታ ደጃችሁ ይቆማል፤ የሚያመጣው ባሌ ነው" አለቻቸው። ከልደታ ካለፈ ዝናቡ ይጀምራል፤ ዝናብ ከጀመረ ደግሞ የብር አምባ መንገድ እስከ መስከረም ለመኪና አይሆንም።

ችግሩ ሙሽሪት ተሳቢ ይዛ ዳገት ስትጀምር ማርሽ ትተፋ ነበር፤ የገባው ማርሽ ተመልሶ ይወጣባታል። ጥላዬ ሸዋ ሮቢት ወዳለው ወደ ጋሽ ዘርጋው ጋራዥ ወሰዳት። ጋሽ ዘርጋው ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ አውርደው ፈቱት፤ ያለቁትን ጥርሶች ለወጡ፤ ከባድ ጭነት እንዲጎትትና ዕድሜ እንዲኖረው አድርገው አስተካከሉት፤ በአምስተኛው ቀን ገጠሙት።

"ስማ ጥላዬ" አሉት እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ። "ይህ ካምቢዮ አሁን በሬ እንጂ ፈረስ አይደለም። ይጎትትልሃል፤ አይጋልብልህም። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀምረህ በሁለተኛ ጨርስ። ወገቡ ላይ ስትደርስ አቁምና አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ።"

"አንድ ሰዓት! ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ጋሽ ዘርጋው።"

"ከእኔ ጋር ምን ያከራክርሃል? የሚግለው ካምቢዮው እንጂ እኔ አይደለሁም። ካምቢዮን መንገድ አይጨርሰውም፤ ሙቀት ነው የሚጨርሰው። በወጉ ከያዝከው ልጆችህን ያስተምርልሃል።"

"በሁለተኛ ከወጣሁማ ኤሊም ትቀድመኛለች!"

"ትቅደምህ። ኤሊ ወፍጮ አልጫነችም።"

"እሺ፣ እሺ" አለ ጥላዬ። አስካለ ከጎኑ ቆማ ነበር። ሁለት ጊዜ ደርቦ "እሺ" ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

በልደታ ዋዜማ በማለዳ ተነሡ። የወፍጮው ሞተርና ቆርቆሮው መኪናው ላይ፣ ድንጋዩና ጣውላው ተሳቢው ላይ ተጭነዋል። ደብረ ሲናን አልፈው ዳገቱን ሲይዙ ጥላዬ እንደታዘዘው በሁለተኛ ማርሽ ነበር። ሙሽሪት ማርሽ አልተፋችም፤ አልተንገጫገጨችም፤ ዝም ብላ ትጎትታለች። አስካለ ቆሎ እየዘገነች ታጎርሰዋለች፤ እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል አፉን ይከፍታል። ደግ ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለውን ጊዜ ሰው ውስጡ ሆኖ አያውቀውም።

ከኋላቸው ሽመልስ መጣ። እሱም የዚያው መንገድ ሾፌር ነው። ባዶ መኪናውን ከጎናቸው ሲያደርስ ጥሩምባውን ለቀቀውና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ኧረ ጥላዬ! ውረድና በገመድ ሳባት እንጂ!"

"ተወው" አለች አስካለ። "እሱ ምን አለበት? ባዶውን ነው።"

የጥላዬ ጆሮ ግን ቀልቷል። ሦስተኛ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ወደ ሁለተኛ መለሳት፤ ነዳጅ ረገጠ፤ እንደገና ሦስተኛ። ይህን ሲደጋግም ከሥር የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። አንድ ሜዳ ቢጤ ቦታ ላይ ዳር ይዞ አቆመ። ካምቢዮው እጅ አያስነካም።

"በል፣ እንደተባልነው እናሳርፋት" አለችው።

"እዚህ አንድ ሰዓት ከተቀመጥኩ ሽመልስ ለአገር ምድሩ ያወራል!" ወርዶ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወሸቀና ተሳቢውን ፈታው። "ሞተሩን ላድርስና ተመልሼ እወስደዋለሁ። ግቢ፣ እንሂድ።"

"ድንጋዩን ለማን ትቼ?"

"ድንጋይ ማን ይሰርቃል፣ አስካለ?"

"ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።" ተሳቢው ላይ ወጣችና የወፍጮው ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። "ሂድ አንተ። ቀድመህ ስትደርስ እናቴን ሰላም በልልኝ።"

ጥላዬ ሄደ። ጭነቱ ስለቀለላት ሙሽሪት ሮጠች፤ ሽመልስንም የዳገቱ አናት ላይ ቀደመችው። ከቀትር በፊት ብር አምባ ሲገባ መንደሩ በእልልታ ተቀበለው። የአስካለ እናት እማማ ጠጂቱ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት።

"ድንጋዩስ፣ ልጄ?"

"ተሳቢው ላይ ነው፣ እማማ።"

"ተሳቢውስ?"

"ዳገቱ ላይ።"

"ልጄስ?"

ጥላዬ ኮፍያውን አወለቀ። "ድንጋዩ ላይ ናት።"

እልልታው ተቋረጠ። ማንም አልተቆጣውም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሞተሩን እንኳ ሳያወርድ መኪናዋን አዞረ። ቁልቁል ሲወርድ ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር ደጋግሞ አየው። የቆሎው ጨርቅ እንደተፈታ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ከዚያች ቀን በፊት ያ ወንበር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አላስተዋለም ነበር።

አስካለ እንደተቀመጠች አገኛት።

"ደረስክ?" አለችው።

"እንጃ" አለ።

ሳቀች። ካምቢዮው እስኪበርድ ጎን ለጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ሙሉ አንድ ሰዓት። ሰዓቱን እያየ የቆጠረው እሱ ነው። ከዚያ ተሳቢውን ገጥሞ በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ጀመረ። መንገድ ላይ ሦስት መኪኖች ቀደሙት፤ ለሦስቱም እጁን አውለበለበላቸው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ብር አምባ ገቡ። ሴቶቹ ከቀደመው ይልቅ ሞቅ አድርገው እልል አሉ። ጎረምሶች ድንጋዩን ለማውረድ ሲሯሯጡ ጥላዬ አስካለን እጇን ይዞ አወረዳት። ከኩራቱ የተረፈችውን ላድን ብሎ፣ "እማማ፣ ቅድም እኮ ደርሼ ነበር፤ እልልታው ለምን ተደገመ?" አለ።

እማማ ጠጂቱ ልጃቸውን ግንባሯን ሳሙ፤ ወደ አማቻቸውም ዞረው፣ "የለም ልጄ፣ መምጣትህ ገና አሁን ነው፤ ከነተሳቢው ያልደረሰ፣ ደረሰ አይባልም" አሉት።